ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ

በአንድ ደቂቃ ውስጥ የጋይንት ሰው ሰላምታውን እንኳ አይጨርስም። እንዴት አደራችሁ ይላል፤ ልጆች ይጠየቃሉ፣ ከብቶች ይጠየቃሉ፣ ገብሱን ውርጭ እንዳልመታው ይጣራል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ እንደገና እንዴት አደራችሁ ይባላል። የኢንትራንስ እንግሊዝኛ ግን በእኛ ጊዜ 120 ጥያቄ በሁለት ሰዓት ነበር። አስሉት። በዚያች አንድ ደቂቃ ጥያቄው ይነበባል፣ አራት ምርጫ ይመዘናል፣ ክቧ በእርሳስ ትጠቁራለች። ጥቁረቱ ከክቧ ወጣ ካለ ማሽኑ አያነበውም ተብለን ስለነበር፣ ደቂቃዋን በማጥቆር ብቻ የሚጨርሱ ጥንቁቆች ነበሩ። መልሳቸው ተሳስቶ ይሆናል እንጂ አጠቋቆራቸው እንከን አልነበረበትም።

ከእንግሊዞች ጋር ያለን ነገር የቆየ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንጉሡ ተቀየሙ፣ እንግሊዞቹን አሰሩ፣ በመጨረሻም ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሄዱ። የታሪክ መምህራችን ይህን ተርከው ሲጨርሱ የክፍላችን ፌዘኛ እጁን አወጣና «እንግዲህ ቲቸር፣ አንብቦ በመረዳት መጀመሪያ የወደቁት እነሱ ናቸዋ!» አለ። ተባረረ። አባባሉ ግን ከክፍል አልተባረረም፤ እስከ ፈተናው ቀን ድረስ መጽናኛችን ሆኖ ቆየ።

ደግሞ አገራችን ትምህርት የማታውቅ አገር ሆና አይደለም። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ድጓ አውቃለሁ የሚል የትም ይማር የት፣ መጥቶ እዚያ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አባ ይኬዳል። ያን ሁሉ ዜማ ከነምልክቱ አንጎሉ ውስጥ አስቀምጦ የሚወጣ ሰው ያለበት አገር ነው። እዚያ ፈተናው መምህሩ ፊት ቆሞ ማዜም ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የለም፤ ያወቀ ያዜማል፣ ያላወቀ ደበሎውን ለብሶ ሌላ ዓመት ይከርማል። እኛም እንግሊዝኛ አጥኑ ስንባል በምናውቀው መንገድ ተነሣን፤ በቃል።

የዚህ ጥናት አለቃ «መሪጌታ» እያልን የምንጠራው ልጅ ነበር። ከእኛ በዕድሜ ይበልጣል። ቅኔ ቤት ከርሟል፣ ቤተልሔም ጾመ ድጓ ጨርሶ ድጓው ላይ ሳለ ነው አቋርጦ ወደ ዘመናዊው የመጣው። ነፋስ መውጫ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየቀያችን ስንቅ እያመላለስን፣ ማታ ማታ በኩራዝ እናጠናለን። መሪጌታ እንግሊዝኛን ከቁብ አይቆጥረውም ነበር። «ድሃ ቋንቋ ነው» ይላል ጋቢውን እየሰበሰበ። «አንዱን ግስ ወስዶ ሦስት ቦታ አረባሁት ብሎ ይኮራል። እርባ ቅምር ያየ ሰው በዚህ ይደነግጣል?»

ሦስት የሚለው ነገር ግን ሳያስደስተው አልቀረም። ቅዱስ ያሬድ ሦስት ዜማ አለው፤ ግእዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ። የእንግሊዝኛም ግስ ሦስት መልክ አለው። መሪጌታ ሁለቱን አጋባቸው። «ጎ» በግእዝ ወፈር ብሎ ይወጣል፣ «ዌንት» በዕዝል ይረጋል፣ «ጎን» ላይ ሲደርስ አራራይ ነውና አንጀት በሚበላ ድምፅ ይንቆረቆራል። እኛ እንቀበላለን። «ሲ፣ ሶው፣ ሲን።» «ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን።» መቋሚያ ስለሌለን በመጥረጊያ እንጨት መሬቱን እንመታለን። አንድ ማታ ቤት ያከራዩን እማማ በሩን ገፋ አድርገው ቆሙ፤ ነጠላቸውን አጣፍተዋል።

«ልጆቼ፣ ይኼ የየትኛው መልአክ ነው?»

«ያልተስተካከለ ግስ ነው፣ እማማ» አለ መሪጌታ።

«እሱ ያስተካክልላችሁ!» ብለው አማትበው ሄዱ። የዚያን ወር ኪራይ ሲቀበሉን ሳንቲም መለሱልን።

ቀን ቀን የምንማረው ከፕላዝማ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ነው ፕላዝማ ወደየሃይስኩሉ የገባው። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል። መምህሯ መስኮት ውስጥ ሆና ትጠይቀናለች፣ ትንሽ ታቆምና «ቬሪ ጉድ!» ትለናለች። ማንም አፉን አልከፈተም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነፃ ምስጋና አግኝቼ አላውቅም። ጉና ላይ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም መብራት ይሄዳል፤ እሷም «ቬሪ» ካለች በኋላ «ጉድ» ሳትል ትቀራለች። ያኔ የክፍሉ መምህር ከጥግ ተነሥተው ያልተረዳነውን እንግሊዝኛ በጥሩ አማርኛ ያስረዱናል። እንግሊዝኛ የገባኝ መብራት በጠፋባቸው ቀኖች ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ፈተናው ሲቀርብ ወሬው ይበዛል። መካነ ኢየሱስ ያሉት የእስቴ ልጆች አዲስ ወርክሺት አገኙ ይባላል። የስማዳ ልጆች ደግሞ ወገዳ ላይ ከዚያ የበለጠ አላቸው ይባላል። ከወገዳ የመጣ አንድ ልጅ ፌስታል ውስጥ በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣው ሃንድአውት ትዝ ይለኛል፤ እጃችሁን ታጥባችሁ ካልሆነ አትነኩትም አለን። ፎቶኮፒ ውድ ስለሆነ በእጅ እንገለብጠዋለን። የገለበጥነውን ሌላው ይገለብጣል። ከሦስተኛ ገልባጭ በኋላ ጥያቄ 14 የጥያቄ 15ን ምርጫ ይዞ ይገኛል። መሪጌታ መጽሐፍ ማረም ያየ ስለሆነ ከጎን «ይታረም» እያለ በቀይ ይጽፋል። ሲታረም የባሰበት ቦታም አለ።

ለማያውቁት ጥያቄ ደግሞ ሥርዓት ነበረ። ላይ ጋይንቶች ያላወቅኸውን ሁሉ ሲ በል እንላለን። ታች ጋይንቶች የለም፣ ቢ ነው ይላሉ። አርብ ገበያ ላይ ሁለታችን ስንገናኝ ክርክሩ እንደ አቋቋም ላይ ቤትና ታች ቤት ሆኖ ያርፋል። ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው፤ በሲ ያለፈ የአክስት ልጅ፣ በቢ ዩኒቨርሲቲ የገባ ጎረቤት። በሲ የወደቀውን የሚጠቅስ የለም።

እኔን ያስቸግረኝ የነበረው ግን የንግግር ማሟያው ነው። ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ፣ የአንዱ መልስ ባዶ ይተዋል፣ ከአራቱ ተገቢውን ምረጥ ይባላል። ሰዎቹ ሁልጊዜ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ወይም አውሮፕላን ማረፊያ ነው የሚገናኙት። እኛ ያየነው ማረፊያ የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው፤ እዚያም ንግግሩ በረዳቱና በተሳፋሪው መካከል ስለሆነ ለፈተና አይመችም። አንዱ ጥያቄ ላይ ሰውዬው ከረጅም መንገድ መጥቶ የሰው በር ያንኳኳል፣ አስቸገርኩ ይላል። ባለቤቱ ምን ይመልስ? አራቱንም ምርጫ አነበብኩ። «ግባ፣ ተቀመጥ፣ እግርህን ታጠብ፣ ጠላ አምጡለት» የሚል የለም። አራቱም ሰውዬውን በር ላይ አቁመው ነው የሚያናግሩት። እንግዲህ ከአራት ነውር አንዱን መምረጥ ነው።

ምንባቡም እንዲሁ ነበር፤ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር፣ ፔንግዊን፣ ሲጋራ ማጨስ የሚያመጣው ጉዳት። ስለ እኛ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጠፍቶ አይደለም። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ከኦክስፎርድ የወጣ ወጣት እዚሁ ጋይንት ቤተልሔም ደርሶ ነበር። ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ነው፤ ውስጡ ሲገባ ግን አራት ማዕዘን የሆነ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ተሰውሮ አገኘ። ይህንንም ጉዞውን በተረከበት፣ በ1959 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፉ ጽፎታል። ያ ገጽ ምንባብ ሆኖ ቢመጣ መሪጌታ ሳያነበው ይመልሰው ነበር፤ ድጓ ያጠናው በዚያው ቅጽር ነዋ። ግን ፔንግዊን ይሻላል ተባለ።

ያን ሁሉ ጥናት ሥራ ላይ ያዋልነው አንድ ቀን ብቻ ነው። የወረታ–ወልድያ መንገድ፣ ቻይኖች የሠሩት፣ ነፋስ መውጫን አቋርጦ ያልፋል፤ ወደ ላሊበላ የሚሄድ ቱሪስትም በዚያ ነው የሚያልፈው። የአንድ ፈረንጅ መኪና ጎማ ተነፈሰና ጎሚስታው በር ላይ ቆመ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነንና ተጠራን። ከበብነው። ፈረንጁ ያየናል፣ እናየዋለን። ሁላችንም መሪጌታን ገፋነው። ጉሮሮውን ጠረገና «ዘ ታየር ሃዝ ቢን ፓንክቸርድ» አለ። ጊዜው ልክ፣ ግሱ ልክ፣ ተደራጊው በቦታው። ፈረንጁ ጎማውን አየ፣ መሪጌታን አየ፣ «የስ፣ ኢት ሃዝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ዝም አሉ። ተገቢውን መልስ ምረጥ የሚል ስላልነበረ ንግግሩ በዚያው ቆመ። የጎሚስታው ረዳት፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ልጅ፣ «ማይ ፍሬንድ፣ ኖ ፕሮብሌም፣ ቴን ሚኒት፣ ኮፊ?» ብሎ ሰውየውን ክንዱን ይዞ ከቡና ቤት በረንዳ አስቀመጠው። መሪጌታ የዚያን ዕለት ማታ «ያ ልጅ ግስ የለውም» እያለ ሲያማው አመሸ። ለነገሩ ፈተናውን ያለፈው መሪጌታ ነው፤ ከመካከላችን በእንግሊዝኛ የበለጠውን ያመጣው እሱ ነበር። ኦክስፎርድ ሳይሆን ቅኔ ቤት የፈታለትን ሰዋስው ይዞ።

አሁን ነገሩ ተለውጧል። ከ2014ቱ ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሆነ፤ ልጆቻችንን ሻንጣ አስይዘን እንሸኛለን፣ ስልክ አይገባም፣ ኪስ ይፈተሻል፣ አጤሬራ የሚባል ነገር ከነስሙ ጠፋ። ውጤቱም ልኩን አሳየ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ከግማሽ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ ከመቶ 3.3 ናቸው፣ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። የእኛ ዘመን ሰዎች ይህን ስንሰማ «ዛሬ ተማሪ የለም» እንላለን። ለመሆኑ ያኔ እኛን እንዲህ አድርገው ፈትሸው ቢሆን ኖሮ ስንቶቻችን እንቀር ነበር? ሲ በል ብለን ያለፍን ሰዎች ስለ ትምህርት ጥራት ስንናገር ድምፃችንን ዝቅ ብናደርግ ደግ ነው። በዚያ ላይ የዛሬዎቹ የክልላችን ልጆች ጥይት እየሰሙ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሲከፈት ነው ያጠኑት። እኛን ያቋረጠን መብራት ብቻ ነበር።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። መካነ ኢየሱስ እናቴ ዘንድ ሆና ታጠናለች። ባለፈው ልጠይቃቸው ብሄድ ማታ ወርክሺቷን ዘርግታ አገኘኋት። እናቴ ጥጥ ትፈትላለች፤ እንዝርቷን ስታሾር ጆሮዋ ከልጅቷ ጋር ነው። ፊደል አልቆጠረችም።

«ጋሼ፣ ይቺ እምቢ አለችኝ» አለች ልጅቷ። ምንባቧ አጭር ናት። እንግሊዝ አገር ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። አንዱ መጥቶ የሣር ማጨጃ ማሽንህን አውሰኝ ይለዋል። ሽማግሌው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ዛሬ የሚዘንብ ይመስላል» ይላል። ጥያቄው፣ ሽማግሌው ምን ማለቱ ነው? ኤ፣ ስለ አየር ጠባይ ያውቃል። ቢ፣ ዝናብ ይወዳል። ሲ፣ ማሽኑን ማዋስ አልፈለገም። ዲ፣ ሣሩ እርጥብ ነው።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች እናቴ። ልጅቷ በአማርኛ ነገረቻት።

እናቴ እንዝርቷን አቆመች። «ምን ይኼ ይጠየቃል? አላውስም ነው ያለው! ደግሞ ባለፈው አውሶት ሰብሮ መልሶለታል።»

«መስበሩን አይልም እኮ፣ እምዬ።»

«እንዲህ ያለ መልስ ካልሰበሩበት አይመጣም።»

ልጅቷ ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጠች። «መልሱ ግን ኤ ነው የሚለው፤ ስለ አየር ጠባይ ያውቃል።»

«ማን ነው እንዲያ ያለው?»

«የመልስ ቁልፉ።»

እናቴ ባዘቶዋን አስተካክላ እንዝርቷን እንደገና አሾረች። «ቁልፉን የጻፈው ጎረቤት የሌለው ሰው ነው። በዪ፣ የሚቀጥለውን አንብቢልኝ።»