ዶሮ የማይቀበል ወኪል

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ በእኛ ሶዶ ደግነት በብር መሸጥ መጀመሩን ሰምታችኋል? ልጄ ድሬዳዋ ወልዳ፣ ልጠይቃት ተነሣሁና «የጉዞ ወኪል» የሚል ታፔላ ያንጠለጠለ ቢሮ ገባሁ። አንዲት ልጅ ኮምፒውተሯን ጠቅ ጠቅ አደረገችና ከትኬቱ ዋጋ ሌላ «የአገልግሎት 500 ብር» አለችኝ። የምን አገልግሎት? ውሃ እንኳ አላቀረበችልኝም!

ትሕትና አላት፣ አልዋሽም። «አባባ፣ ድሮ ለወኪሉ የሚከፍለው አየር መንገዱ ነበር» ብላ አስረዳችኝ። ለካስ በ1987 ዓ.ም. ዴልታ የሚባል የአሜሪካ አየር መንገድ፣ ለአገር ውስጥ ደርሶ መልስ ትኬት የሚሰጠውን ኮሚሽን ከ50 ዶላር እንዳያልፍ ገደበው፤ በ1994 ደግሞ መደበኛውን ኮሚሽን ጭራሽ አስቀረው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ወኪሉ እጁን ወደ መንገደኛው ኪስ አዞረ። እንግዲህ ፍረዱኝ! አሜሪካ የቋጠረውን የወላይታ ሽማግሌ ይፍታ?

በ1960ዎቹ፣ በዋዱ ጊዜ፣ ያ የእርሻ ልማት ሶዶን ሲያሞቃት፣ እንዲህ ያለ ብዝበዛ የት ነበር! አዲስ አበባ መሄድ ሲያምረኝ መናኸሪያው በር ላይ የሚቆመውን ደላላ እጠራዋለሁ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ሳንቲም አይጠይቅም። አንድ ኪሎ ቁርጥ በዳጣ፣ ሁለት ብርሌ ጠጅ፣ ለሚስቱ አንድ ቅል ቅቤ፣ በቃ፤ በነፃ ይጨርስልኛል። ትኬቱም በሦስተኛው ቀን፣ ቢዘገይ በአምስተኛው ይገኛል። እስከዚያ በጋቢ ተጠቅልሎ መናኸሪያው ደጅ ማደር ነው፤ የዳሞታ ተራራ ብርድ ጤና ይሰጣል። አውቶቡሱም ለጋስ ነበር፤ በአንድ ወንበር ዋጋ የሁለት ሰው ልጅና አንድ በግ አሳቅፎ ይወስደኛል። ሻሸመኔ ሳንደርስ ጎማው ይፈነዳና አገልግላችንን ፈትተን ከሾፌሩ ጋር እንዛመዳለን። አሁን በሆሳዕና በኩል ሽው አድርጎ ያደርስሃል፤ አጠገብህ የተቀመጠው የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ!

500 ብሬን አልሰጥም ብዬ ወጣሁ። የልጅ ልጄ በስልኩ «ያለ ምንም ክፍያ» ቆረጠልኝ። ትኬቱ 7:10 ይላል። ሰባት ሰዓት ከዐሥር፣ ከምሳ በኋላ። አዲስ አበባ ገብቼ አድሬ፣ ቡናዬን እስከ ሦስተኛው ጠጥቼ ረፋዱ ላይ ቦሌ ብደርስ፣ አውሮፕላኑ ድሬዳዋ ደርሶ ተመልሷል። በፈረንጅ ሰዓት ኖሯል! የእኛው ከንጋቱ 1፡10 ነው። ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓቷ መሆኑን የማያውቅ ስልክ ብልህነቱ ምኑ ላይ ነው? ብቆጣው ማስታወቂያ አሳየኝ።

ለዚያች ልጅ ደወልኩና እስኪወጣልኝ ተቆጣኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ወኪል ማለት እንዲህ ነው። ከዚያ ለማግስቱ አዲስ ትኬት ቆረጠችልኝ። «ከንጋቱ 1፡10፣ በእኛ አቆጣጠር» ብላ በመልእክት ጻፈችልኝ። ማታ ደውላ መታወቂያዬን መያዜን ጠየቀችኝ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ደውላ ቀሰቀሰችኝ። እንቅልፌን ለነሣችኝበት 500 ብር!

ሶዶ ስመለስ ተከራክሬ 200 ብር አስቀነስኳት፤ ገንዘብ እንዲህ ነው የሚያዝ። በማግስቱ ገበያ ወጥቼ በ1,200 ብር አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛሁና ወሰድኩላት፤ ውለታ ተሸክሜ መኖር አልወድም። አልቀበልም አለች! «የቢሮው ደንብ አይፈቅድም አባባ» ብላ ደረሰኝ ሰጠችኝ። ዶሮዬን ታቅፌ ደረጃውን ወረድኩ፤ ሰው ሁሉ አየኝ።

በመስከረም ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ልጆቼ ከየአገሩ ይመጣሉ፤ ትኬታቸውን ከእሷ ሌላ ማንም እንዳይቆርጥ አስጠንቅቄያለሁ። ዶሮውን ግን አላረድኩትም፤ ደንባቸው እስኪሻሻል እየቀለብኩት ነው።