ሙሽራ የሌለው ሠርግ፦ የፑንጃቢ ፖፕ ኮንሰርት በለንደን፣ ምሁራዊ ዳሰሳ

የጥናቱ መነሻ

ሠርግ ሙሽራ ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ በሊቃውንትም በድንኳን አከራዮችም ዘንድ ያለ ክርክር ተቀባይነት አግኝቶ ኖሯል። ይህ ጥናት ሐሳቡን ይቃወማል። ሃያ ሺህ ሰው ለብሶና ተኳኩሎ የሚታደምበት፣ ከበሮ የሚደለቅበት፣ አክስት የምታለቅስበትና አጎት ወገቡን ረስቶ የሚጨፍርበት፣ ሙሽራም ሙሽሪትም ግን የሌሉበት ሠርግ ለንደን ውስጥ በየጊዜው ይደገሳል። አዘጋጆቹ ኮንሰርት ይሉታል። አጥኚው በዚህ ስያሜ አይስማማም።

የጥናቱ መላምት እንደሚከተለው ነው፦ በኦ-ቱ አዳራሽ የሚቀርብ የፑንጃቢ ፖፕ ኮንሰርት በሰዓት አከባበሩ፣ በአለባበሱና በታዳሚው ጠባይ ከሠርግ ሊለይ አይችልም።

የጥናቱ ዘዴ

ጥናቱ የተከናወነው በአሳታፊ ምልከታ ነው፤ ማለትም አጥኚው ቲኬት ገዝቶ ገብቷል። አጥኚው ለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሲሆን የፑንጃቢ ቋንቋ አይሰማም፤ ይህም ጥናቱን ከማናቸውም አድልዎ ነጻ አድርጎታል። ዋና መረጃ ሰጪ ሆና ያገለገለችው አንዲት ፑንጃቢ የሥራ ባልደረባው ናት። የዘፈኖቹን ትርጉም አንድ በአንድ ጆሮው ላይ እየጮኸች አስረድታዋለች፤ ከድምፅ ማጉያው የተነሳ አንዱም አልተሰማም። የጥናቱን ወጪ የሸፈነ ተቋም የለም። ለአጥኚው ባለቤት የቀረበው የድጋፍ ጥያቄ «ለማይገባህ ዘፈን?» በሚል አጭር ማብራሪያ ውድቅ ሆኗል።

የጥናቱ ቦታ

ኦ-ቱ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ኖርዝ ግሪንዊች ላይ የተተከለ ግዙፍ ነጭ ድንኳን ነው። ከዳር እስከ ዳር 365 ሜትር ሲሆን የሚይዙት 12 ቢጫ ምሰሶዎች እያንዳንዳቸው 100 ሜትር ይቆማሉ። የዓመቱን ቀናትና ወራት ያመለክታሉ። ለጳጉሜን የሚሆን 13ኛ ምሰሶ አልተተከለም፤ አጥኚው ለሚመለከተው ክፍል ቅሬታ የማቅረብ መብቱን ይጠብቃል።

ድንኳኑ የተተከለው ለፈረንጆቹ የ2000 ዓመት በዓል ነበር። በውስጡ ያለው፣ ሃያ ሺህ ሰው ገደማ የሚይዘው የሙዚቃ አዳራሽ የተከፈተው ግን እ.ኤ.አ. በጁን 2007 ነው፤ ይኸውም ኢትዮጵያ የራሷን ሚሌኒየም ልታከብር ሦስት ወር ያህል ሲቀራት። አዲስ አበባም ለዚያው በዓል የሠራችውን ሚሌኒየም አዳራሽ ኋላ ለኮንሰርት አውላዋለች። ከዚህ ለሁለቱም አገር የሚሠራ ሕግ ይወጣል፦ የሰው ልጅ በሺህ ዓመት አንድ ጊዜ ድንኳን ይተክላል፣ የቀረውን 999 ዓመት ይዘፍንበታል።

ታሪካዊ ዳራ

የፑንጃብና የኢትዮጵያ ግንኙነት የጀመረው በመልካም ሁኔታ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር አፄ ቴዎድሮስን ሊገጥም ከህንዷ ቦምቤይ ካዘመተው ሠራዊት ውስጥ 23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒርስ የሚባል ጦር ነበረበት። አሮጌ ላይ ተዋግቶ፣ የመቅደላን ፍጻሜ አይቶ ተመልሷል። ያን ጊዜ በር ላይ ቆሞ ቲኬት የጠየቃቸው አልነበረም። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ኢትዮጵያዊ የፑንጃቦችን ድግስ ለማየት ሙሉ ዋጋ መክፈሉ የታሪክ ፍትሕ ጉዳይ በመሆኑ ለሌላ ጥናት ይተላለፋል።

ወደ እንግሊዝ የመጡት ፑንጃቦች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ በሳውዝሆል የጎማ ፋብሪካ፣ በበርሚንግሃም አካባቢ የብረት ማቅለጫዎች፣ በሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሠሩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ፣ ቅዳሜ ሠርግ። ሠርግ ደግሞ ሙዚቀኛ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሳውዝሆል ውስጥ የተመሠረተው አላፕ የተባለው ባንድና የእሱ ዘመነኞች የመከሩን ጭፈራ ባንግራን ከኤሌክትሪክ ኦርጋን ጋር አጋብተው በየሠርግ አዳራሹ ተጫወቱ። በ1980ዎቹ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ማታ አናወጣም ስላሉ ጭፈራው ወደ ቀን ተዛወረ፤ ወጣቶች ከትምህርት ቤት እየፎረፉ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ አዳራሽ ገብተው ይጨፍሩና ለራት ይደርሱ ነበር። በ1998 የኮቨንትሪው ፑንጃቢ ኤምሲ የናይት ራይደርን ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ዜማ ከቱምቢ፣ ማለትም ከባለ አንድ ክሩ መሣሪያ ጋር አዋሕዶ ዘፈን አወጣ፤ በ2003 ጄይ-ዚ ድምፁን ጨመረበት። በ2023 በጃለንደር አውራጃ የዶሳንጅ ካላን መንደር ተወላጁ ዘፋኝ ዲልጂት ዶሳንጅ በአሜሪካው ኮቼላ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ በፑንጃቢ ዘፈነ። በኤፕሪል 2024 ደግሞ በካናዳዋ ቫንኩቨር ላይ ከ50,000 በላይ ሰው ሰበሰበ። በዚያው ከተማ ወደብ በ1914 ኮማጋታ ማሩ የተባለችው መርከብ 376 መንገደኞች፣ አብዛኞቹም ፑንጃቦች፣ ይዛ ሁለት ወር ከቆመች በኋላ ከጥቂቶቹ በስተቀር እንዳይወርዱ ተከልክለው እንድትመለስ ተደርጋለች። የጥሪ ካርድ አልነበራቸውም።

እንግዲህ ከታሪኩ እንደምንረዳው፣ ኮንሰርቱ የመጣው ከሠርጉ ነው። ወላጅና ልጅ ቢመሳሰሉ ሊያስገርም አይገባም።

ግኝት አንድ፦ ሰዓት

ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት የታተመው ለጥበቃ ሠራተኞች ነው። በተባለው ሰዓት በቦታው የተገኙት እነሱ፣ ባዶ ወንበሮችና አጥኚው ናቸው። አጥኚው በዚያ ሰዓት የተገኘው የሐበሻ ቀጠሮን አስልቶ ዘግይቶ ለመድረስ ሲጣጣር ባቡሩ ስለፈጠነበት ነው። ታዳሚው በየቡድኑ የሚገባው የሙሽራ ቤተሰብ በሚገባበት ሥርዓት ነው፦ መጀመሪያ ልጆች፣ ቀጥሎ የሚጣሩ እናቶች፣ በመጨረሻ መኪና ማቆሚያ የጠፋቸው አባቶች።

ግኝት ሁለት፦ አለባበስ

በጥናቱ ቦታ ጂንስ የለበሰ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ያፍር ነበር። የተቀረው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ያብረቀርቃል። ጥምጥሞቹ ከሸሚዝ፣ ሸሚዞቹ ከሚስት ቀሚስ ጋር ቀለም ተነጋግረዋል። የላይኛው እርከን ደረጃዎች ቁልቁለታቸው የሰሜን ተራሮችን የሚያስንቅ ሆኖ ሳለ፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ሴቶች በአንድ እጃቸው ቀሚስ፣ በሌላው ስልክ ይዘው ያለ ገመድ ወርደዋቸዋል። ሃያ ሺህ ሰው አንድ ዘፋኝ ለማየት እንዲህ አይለብስም። እንዲህ የሚለበሰው ዘመድ እንደሚያይ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ግኝት ሦስት፦ ዝምድና

በአዳራሹ ውስጥ ባዕድ የለም። በዕድሜ የሚበልጥ ሁሉ አንክል፣ የምትበልጥ ሁሉ አንቲ፣ እኩያው ፓጂ ነው። እኛ ጋሼና እትዬ እንደምንለው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ዝምድና ወንበር እስከ ማቀያየር መድረሱ ነው። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል፤ አያት ግጥሙን፣ ልጅ ዜማውን፣ የልጅ ልጅ ስልኩን ይዟል። ከአጥኚው ጎን የተቀመጡት እናት ስሙን ሳይጠይቁ በመጀመሪያ የጠየቁት አግብቶ እንደሆነ ነው። ቀጥለው በልቶ እንደሆነ ጠየቁ። ለሁለቱም አዎ ብሏል። ሁለተኛውን አላመኑትም።

ግኝት አራት፦ ከበሮና ትከሻ

ዶል የሚባለው ከበሮ በሁለት የተለያየ በትር ይመታል፤ ወፍራሙና ጎባጣው ወደ ሆድ፣ ቀጭኑ ወደ ጆሮ ይልካል። ውጤቱ በትከሻ ላይ ይገለጣል። ፑንጃቢ እጆቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ትከሻውን ወደ ላይ ይነጥቃል፤ የጎንደር ሰው እጁን ወገቡ ላይ አሳርፎ ያርገፈግፈዋል። አጥኚው ማስታወሻ በመያዝ ላይ ሳለ የግራ ትከሻው ያለ ፈቃዱ ሥራ ጀምሯል፤ ቀኙም በአብሮነት ተከትሎታል። በዚህም ሳይንሳዊ ገለልተኝነት የሚሠራው ከአንገት በላይ ብቻ መሆኑ ተረጋግጧል። ከጀርባ «ያ ሐበሻ!» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ነበር፤ አጥኚው አልዞረም።

ግኝት አምስት፦ የዘፈኑ ይዘት

በመረጃ ሰጪዋ መሠረት የዘፈኖቹ ዓበይት ጉዳዮች መሬት፣ ትራክተር፣ ፂም፣ መጠጥና የጎረቤት ልጅ ናቸው። ፑንጃብ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የህንድ የስንዴ ጎተራ በመሆኗ ትራክተር የክብር ዕቃ ነው። በአዳራሹ ከነበሩት ውስጥ ግን ትራክተር ነድቶ የመጣ አልታየም፤ አብዛኛው በጁብሊ ባቡር መጥቷል። ቦሌ ተወልዶ ስለ በሬና ቀንበር ሲዘፍን የሚያለቅስ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የመጠጡን ጉዳይ በተመለከተ የህንድ ቴላንጋና ክልል መንግሥት በኖቬምበር 2024 ዲልጂት ሃይደራባድ ላይ ስለ አልኮል እንዳይዘፍን በደብዳቤ አስጠንቅቆታል። ዘፋኙ በመጠጡ ቦታ ለስላሳ አስገብቶ ዘፈነ፤ ሕዝቡም ሰከረ።

ግኝት ስድስት፦ ሽልማት

እኛ ዘፋኝን ስንሸልም ብሩን ግንባሩ ላይ እንለጥፋለን። ፑንጃቦች ብሩን በጨፋሪው ራስ ዙሪያ አዙረው ለከበሮ መቺው ይሰጣሉ። በኦ-ቱ አዳራሽ ከላይኛው እርከን እስከ ዘፋኙ ግንባር ያለው ርቀት ለሁለቱም ባህል አይመችም። ችግሩ የተፈታው ሽልማቱን ወራት ቀድሞ በኢንተርኔት በመሰብሰብ ነው፤ መጠኑንም ሸላሚው ሳይሆን ተሸላሚው ይወስናል።

የሚነሳ ተቃውሞና ምላሹ

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ «ይሁን፤ ታዲያ የተጋባው ማን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከአዳራሹ ብዙም በማይርቅ ቢሮ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለዩ ድንበሩን እንዲያሰምር የተላከው ሲሪል ራድክሊፍ የተባለ የለንደን ጠበቃ ነበር። ከዚያ በፊት ህንድን ረግጦ አያውቅም። የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ነው። ፑንጃብን ለሁለት ከፈላት፤ መስመሩ ይፋ የሆነው ከነጻነቱ ሁለት ቀን በኋላ ነው። በክፍፍሉ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ለቆ ተሰደደ፤ በየመንገዱ ያለቀውም እጅግ ብዙ ነው። የሠርግ ወረቀት በዚህ ፍጥነት ተዘጋጅቶ አያውቅም፤ የፍቺ ወረቀት ግን ተዘጋጅቷል።

ዛሬ በምሥራቅ ያለው ፑንጃቢ ቋንቋውን በጉርሙኪ ፊደል፣ በምዕራብ ያለው በሻህሙኪ ፊደል ይጽፋል። አንዱ የሌላውን ደብዳቤ ማንበብ አይችልም። ዘፈኑን ግን ሁለቱም በቃላቸው ያውቁታል። ከአጥኚው በስተቀኝ የተቀመጡት እናት ቤተሰባቸው ከአምሪትሳር፣ በስተግራ የነበረው ወጣት ቤተሰቡ ከላሆር መሆኑን የተረዳው እነሱ በእሱ ጭን ላይ ተሻግረው ሲያወሩ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለቱም ግን ለመገናኘት በለንደን በኩል ዞረዋል። በኦክቶበር 2024 ዲልጂት በለንደን ኮንሰርቱ ላይ የፓኪስታኗን ተዋናይት ሃኒያ አሚርን ወደ መድረክ ጠርቷት ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በሜይ 2025፣ ሁለቱ አገሮች ሚሳይል ተወራወሩ። ዲልጂትና ሃኒያ በጋራ የሠሩት ፊልም በወሩ ሲወጣ በውጭ አገር ታየ፤ በህንድ ሲኒማ ቤቶች አልታየም።

ስለዚህ ተጋቢዎቹ ተገኝተዋል። ሁለት ፑንጃቦች ናቸው፤ በአገራቸው አብረው መቀመጥ ስላልቻሉ ፍቺያቸውን ባረቀቀችው ከተማ፣ በሰው ድንኳን፣ በየራሳቸው ወጪ፣ ለአንድ ምሽት ይጋባሉ። የአዳራሹ የሰዓት እላፊ ሲደርስ መብራቱ በርቶ ይፋታሉ። ጥናቱ መላምቱን አረጋግጧል።

ምክረ ሐሳቦች

አንደኛ፣ ወደ ኮንሰርቱ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ በልቶ ይሂድ፤ ይህ ከሠርግ የሚለይበት ብቸኛው ነጥብ ነው።

ሁለተኛ፣ ሲኒማ ራስ በታየ የህንድ ፊልም ያደገ ሰው የማይገባውን ዘፈን አብሮ የመዝፈን የቆየ ልምድ ስላለው ከአስተርጓሚ ወጪ ነጻ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ማስታወሻ የሚይዝ ተመራማሪ ትከሻውን በቀበቶ ያስይዝ።

አራተኛ፣ እዚህ ለንደን ያለን ኢትዮጵያውያን ከየትም እንምጣ፣ የማንንም ወገን እንደግፍ፣ ሁላችንም አንድ አዳራሽ የምንገባበት አንድ ምሽት ይዘጋጅ። አጥኚው ይህን ሐሳብ ለማኅበረሰቡ ስብሰባ አቅርቦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ የሚያስፈጽም ኮሚቴም ወዲያውኑ ተመርጧል። በአሁኑ ሰዓት ሁለቱም ኮሚቴዎች ሥራቸውን በየፊናቸው በትጋት ቀጥለዋል።