ምንጭ ይጠቀስ

በአማርኛው ውክፔዲያ ማንም ገብቶ የመኪና መጣጥፍ ማረም ይችላል አሉ። ምን ይደንቃል? የመርካቶው የመኪና መለዋወጫ ሰፈር ሶማሌ ተራ ኢንተርኔት አገራችን ከመግባቱ በፊት ጀምሮ መኪናውን ራሱን በጋራ ሲያርም ኖሯል፤ አንዳንዴም ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ። አንዱ ስፖኪዮ ይቀንሳል፣ ሌላው ፍሬቻ ይጨምራል። ውክፔዲያ ምንጭ ያልጠቀሰውን ዓረፍተ ነገር ሊሰርዝ ይችላል፤ እዚህ ግን የሚሰረዘው የፍሬቻውን ምንጭ የጠየቀ ነው።

ደግሞ በገለልተኛ አመለካከት ጻፉ ይላሉ! አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ለሰየመ ሕዝብ?

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህማ አሮጌው ኮሮላ አርታኢው በዝቷል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ቶዮታ ቢመጣ፣ የራሴ ነው የሚለው አንድ ሐረግ እንኳ አያገኝም።