በእግር ለሚመጣ

ማርሴይ የሄድኩት ስለ አርተር ራምቦ ብዬ ነበር። ገጣሚው ሐረር ላይ ጉልበቱን ታሞ፣ እስከ ዘይላ በቃሬዛ ወርዶ፣ በ1891 እ.ኤ.አ. ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመትም እዚያው ሞተ። የታከመበትን ሆስፒታል ለማየት ጓጉቼ ነበር። ማርሴይ ብዙ ዘመን የኖረችው የአክስቴ ልጅ ግን፣ እትዬ ነው የምላት፣ አልሰማችኝም። «ሆስፒታሉ የትም አይሄድ። መጀመሪያ ኦንቮን ታያለህ» አለች።

ከማርሴይ እስከ ካሲ ከተማ ያለው ዳርቻ ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል ነው። ባሕሩ በየመሃሉ በጠባቡ ይገባል፤ የአገሩ ሰው «ካላንክ» ይለዋል፤ ኦንቮም አንዱ ነው። ጥንት ሸለቆዎች ነበሩ፤ የበረዶው ዘመን አልፎ ባሕሩ ሲነሣ ውሃ ገባባቸው። ጠላቂው ኦንሪ ኮስኬር በ1985 እ.ኤ.አ. እዚሁ ዳርቻ ያገኘው ዋሻ አፉ ከባሕር ወለል 37 ሜትር በታች ነው፤ ግድግዳው ላይ ግን ፈረስ ተሥሏል። ያንን የሣሉት ሰዎች በደረቅ መሬት፣ በእግራቸው ነበር የገቡት። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ዳርቻውን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጡብኝ እነሱ ናቸው።

ባሰብነው ቀን መሄድ አልቻልንም። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ጫካው በእሳት ስለሚሰጋ የነገው ሁኔታ በዋዜማው በቀለም ይገለጻል፤ ቀይ ከሆነ ዝግ ነው። ሚስትራል የሚሉት ደረቅ ነፋስ ቤቱን ሲያንኳኳ አድሮ ነበርና ቀይ ሆነ። ነፋሱ ሲበርድ ተፈቀደ፤ በማለዳ ከካሲ ተነሣን።

ፖር ሚዩ የሚባለውን ካላንክ፣ ቀጥሎም የጥድ ጥላ ያለውን ፖር ፓንን አልፈን ወደ ኦንቮ መውረጃ ደረስን። የሰው ጫማ ድንጋዩን እንደ መስታወት አለስልሶታል። በእጅም በእግርም እየያዝን ወረድን። ታች ጠጠር የለበሰች ትንሽ ዳርቻ አለች፤ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ገደል፣ ውሃው እስከ ወለሉ የሚያሳይ አረንጓዴ። እትዬ «ተመስገን» ብላ ዝም አለች። እኔም የምለው አልነበረኝም።

ውሃው ግን አጥንት ይሰብራል! ሚስትራል ሲነፍስ የሞቀውን የላይኛውን ውሃ ወደ መሃል ባሕር ይገፋዋል፤ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛው ይወጣል። እትዬ ገብታ፣ ብርዱ አስደንግጧት ስትጣደፍ እርጥብ ድንጋይ አንሸራተታት። ቁርጭምጭሚቷ ወዲያው አበጠ።

ስልኬ በገደሉ መሃል ምልክት አጣ። ከካሲ የሚመጡት የጎብኚ ጀልባዎች ደግሞ ገብተው ያሳያሉ፤ ዞረው ይመለሳሉ እንጂ ሰው አያወርዱም፣ አያሳፍሩም። አንዷ ስትዞር እጄን አውለበለብኩ፤ ተሳፋሪዎቹ ሰላምታ መስሏቸው መልሰው አውለበለቡልኝ። ያን ጊዜ በጣም ተናደድኩ።

የደረሱልን ገደል ሲወጡ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ናቸው። የዓለት መውጣት እዚህ ትልቅ ባህል ነው፤ ስመ ጥሩ ተራራ ወጪ ጋስቶን ሬቡፋም የማርሴይ ልጅ ነበር፣ በእነዚህ ገደሎች ነው የተማረው። እግሯን በፕላስተር ጠፍረው አሰሩላት፤ አንዱ ከፊት እየሳበ፣ አንዱ ከኋላ እየደገፈ፣ እኔ ሻንጣውን ተሸክሜ ሽቅብ ጀመርን። ራምቦን አሰብኩ፤ ያንን ሁሉ በረሃ በቃሬዛ!

ለእረፍት በተቀመጥንበት ንዴቴ ወጣ። «እዚህ ታች አንድ የጀልባ ማረፊያ ቢሠሩ ምን ነበረበት?»

እትዬ ላብ እያሰጠማት ተቆጣችኝ። «ሱጂቶን የሚባለውን ካላንክ አላየህም! ሰው በዝቶበት አፈሩ ታጥቦ፣ የጥዱ ሥር ገጦ። አሁን በበጋ በምዝገባ፣ በቀን 400 ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ማረፊያ ሠርተህ ይሄንንም ልትጨርሰው ነው?»

መልስ አልነበረኝም፤ እውነቷን ነው። ያየሁት ውበት የተረፈው መንገዱ ስላስቸገረ ነው፤ እግሯ ያበጠውም በዚያው መንገድ ነው። ሁለቱም ሐቅ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አይሽርም። አቅመ ደካማ የሆነ ሰው ከጀልባ ላይ ብቻ አይቶ መመለሱ አሁንም ይቆጨኛል።

ወጣቶቹ እስከ ፖር ሚዩ ሸኙን፤ ውሃቸውን ጭምር አካፈሉን። በማግስቱ ራጅ ተነሣች፤ አጥንቷ አልተሰበረም። ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንታት እንዳትረግጥበት አዘዛት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በጥቅምት ዳገት መውጣት ትችል እንደሆነ፤ ያን ጊዜ ጫካው ክፍት ነውና።