አቦል፣ ቶና… በረካው ግን ይቆየኝ

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ
ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣ ኩታበር

በእርሳስ መጻፌን እንደ ንቀት አይዩብኝ፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ። ደብዳቤውን የምታነቢላቸው እህቴም፣ መስመር ሳትዘይ አንብቢ፤ የማፍርበት ቦታ ስትደርሺ ግን ድምፅሽን ከፍ አታድርጊ፤ ጎረቤት ይሰማል።

ነገሩ የመላጫው ጉዳይ ነው። ባለፈው በስልክ “የዚያ ባለ አምስት ስለት መላጫ ተቀያሪ ራስ አልቋል፤ ደሴ ድረስ ሄጄ አጣሁት፤ ሌላ ላክልኝ” ብለውኝ ነበር። አልላክሁም። የላክሁት ትንሽ ሳጥን ነው፤ ከደብዳቤው ጋር ይደርስዎታል። ከመቆጣትዎ በፊት ግን እስከ መጨረሻው ያድምጡኝ።

ከአገር የወጣሁ ዕለት ያችን የአሰቧን መላጫ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጥተውኝ ነበር። ወደብ ሥራ ላይ ሳሉ በላብዎ ገዝተው፣ በሚሌና በባቲ ይዘዋት የመጡትን። ሐሙስ ማታ ለጁምዓ ሲሰናዱ በርጩማዎን ደጃፍ ላይ አውጥተው፣ መስታወቷን ግድግዳው ላይ ሰክተው የሚላጩባትን። እኔ ግን “አባዬ፣ እኔ እኮ የምሄደው አሜሪካ ነው” ብዬ ትራስ ሥር ትቻት ወጣሁ። ለካ የመላጫዋ አገር አሜሪካ ኖሯል!

እዚህ ስመጣ ምላጭ ተቆልፎበት አገኘሁት። ወርቅ ቤት እንዳይመስልዎ፤ ሳሙናና የራስ ምታት ኪኒን የሚሸጥበት መደብር ነው። ሳሙናው ሜዳ ላይ ተደርድሯል፤ ምላጩ መስታወት ውስጥ ታስሯል። ደወል ሲደውሉ አንዲት ልጅ የቁልፍ ዘለላ እያንቀጫቀጨች ትመጣለች፤ ፊቴን ታያለች፣ ጢሜን ታያለች፣ አመዛዝና ትከፍታለች። በእኛ ቋንቋ ምላጭ የጠመንጃም ነው፤ እዚህ አገር ግን ዘብ የቆመለት የጢሙ ነው። አንዱ ራስ ከ4 እስከ 5 ዶላር ያወጣልና ሌባው በዝቶበታል።

ንግዱም ብልጠት አለበት። እጀታውን በርካሽ ይሰጡና ራሱን ዕድሜ ልክ ይሸጡልዎታል፤ ጀበናውን መርቆ ስኒውን በየሳምንቱ እንደሚያስገዛ ነጋዴ። እኔም ሰው ሲጠይቀኝ ሁለት ቤተሰብ አስተዳድራለሁ እል ነበር፤ አንደኛው ኩታበር፣ ሁለተኛው አገጬ ላይ።

የስለቱ ቁጥር ደግሞ እንደ ቤት ኪራይ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሁለት ስለት ያለው ወጣ፤ በ1998 ሦስት ሆነ፤ በ2003 አራት፤ በ2006 አምስት። አምስት ስለት ለአንድ አገጭ! የጓሮ ጎመን መደብ ለማረስ አምስት ጥማድ በሬ ማሰለፍ ማለት እኮ ነው።

እርሻው ቢያምር ደግ ነበር። የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ይጎትተዋል፤ የኋለኛው ወደ ቦታው ሳይመለስ ይቆርጠዋል፤ ጉቶው ከቆዳ በታች ይቀራል። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሰው ብዙም አይጎዳም። የኛው ጥቅልል ግን ሲያድግ እንደ ማጭድ ቆልመም ይልና የገዛ ቆዳውን ይወጋል። አንገቴ ሽምብራ የተዘራበት መሰለ። “ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ” ሲባል ሰምቻለሁ፤ ምላጭ ያሳበጠውን በምን እንደሚበጡት ግን የነገረኝ የለም። ብቻዬን መስሎኝ ስብሰለሰል የአሜሪካ ጦር እንኳ በዚሁ እብጠት ለሚሠቃዩ ጥቁር ወታደሮቹ ጢም እንዳይላጩ በሐኪም ወረቀት ሲፈቅድ መኖሩን ሰማሁ። እኔም ወረቀት የሚጽፍልኝ ሐኪም ላፈላልግ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ግን ግድግዳ ውስጥ ነው። የተከራየሁት ቤት አሮጌ ነው። መታጠቢያው ዘንድ ባለመስታወት ሳጥን ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል፤ በሳጥኑ ጀርባ የሰደቃ ሳጥን ቀዳዳ የመሰለ ቀጭን ሽንቁር አለ። ሽማግሌውን አከራዬን ምንነቱን ጠየቅኋቸው።

“ያገለገለ ምላጭ የምንጥልበት ነው።”

“ከዚያስ ወዴት ይሄዳል?”

“የትም። ግድግዳው ውስጥ ይቀመጣል።”

አባዬ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እናቴ ልጅ እንዳይቆርጠው ብላ አሮጌ ምላጭ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ስትሸጉጥ፣ ከትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ መጥቼ ስለ ስለታም ነገር አወጋገድ የሰበክኋት እኔ አልነበርኩም? ይኸው፣ እነሱም ይሸጉጣሉ! ልዩነቱ የእነሱን ስንጥቅ መሐንዲስ ነድፎታል።

አከራዬ ሳቄን አይተው ወደ ጓዳ ገቡና የራሳቸውን መላጫ አወጡልኝ። የአሰቧ መንትያ ናት! ታሪኳንም አጫወቱኝ። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የሚባል ሰው ነበር፤ ሥራውም የቆርኪ ኩባንያ ሻጭነት። አዎ፣ እኛ በልጅነታችን ስንለቅመው የኖርነው የጠርሙስ ቆርኪ! ቆርኪውን የፈለሰፈው አለቃው፣ ሰው ተጠቅሞ የሚጥለውን፣ ጥሎም ተመልሶ የሚገዛውን ነገር ፍጠር ብሎ መከረው። የምላጩ ሐሳብ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ ምኒልክ ለዓድዋ ክተት ብለው ጦራቸውን እኛው ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ በቀጠሩበት ዓመት። ያን ያህል ስስ ብረት መሳል አስቸግሮት ገበያ የወጣው በ1903 ነው፤ በዚያ ዓመት የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ። በዓመቱ ግን መላጫው ከ90 ሺህ አለፈ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ። ዓድዋ ሲዘመት የታሰበች መላጫ አሰብ ላይ እርስዎን አገኘች፤ ኩታበር ደረሰች፤ እኔ ትራስ ሥር ጥያት አገሯ መጣሁ።

እኔም ልገዛ ወጣሁ። ከብሩሹ ጀመርኩ። ሻጩ “ይኼ ምርጥ ነው፤ የከርከሮ ፀጉር ነው” ሲለኝ ከእጄ ወደቀ። አስተግፊሩላህ እያልኩ ወደኋላ ሳፈገፍግ፣ ዋጋው ያስደነገጠኝ መስሎት ቀነሰልኝ። በመጨረሻ ሰው ሠራሹን ያዝሁ። ምላጩማ እንደ ከረሜላ በወረቀት የተጠቀለለ ነው፤ አንዱ 20 ሳንቲም ነው፤ በሁለቱም ጠርዝ ይላጫል።

የመጀመሪያው ቀን ቤቴ ቄራ መሰለ። በለመድኩት እጅ ተጫንኩት፤ አገጬን፣ የከንፈሬን ጥግ፣ የጆሮዬን ሥር አንድ በአንድ አዳረስኩ። የሽንት ቤት ወረቀት ቆራርጬ ለጥፌ ሥራ ስገባ ባልደረባዬ ስንት ድመት እንዳሳደግሁ ጠየቀኝ። (እህቴ፣ ያልኩሽ ቦታ ይኸው ነው።) ያን ጊዜ ድምፅዎ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ፤ ደጃፍ ላይ ሆነው አጎቴን “የሚጫኑት ማረሻ ነው፤ ምላጭ ክብደቱ ይበቃዋል፤ አንተ መንገዱን አሳየው” ሲሉት።

እሱን ካስታወስኩ ወዲህ ነገሩ እንደ ቡና ሥርዓት ሆነልኝ። ፊቴን በሙቅ ውኃ አረጥባለሁ፤ ሳሙናውን አረፋ እስኪሆን እመታለሁ፤ መላጫዋን ዘንበል አድርጌ ስለቷ በቆዳዬ ላይ እንድትንሸራተት እለቃታለሁ። ሦስት ዙር አላት። ፀጉሩ ወደ ተኛበት የሚወርደው አቦል ነው፤ ከባዱን ይዞት ይሄዳል። ከጎን ወደ ጎን የሚሄደው ቶና፤ የተረፈውን ይለቅማል። ፀጉሩን ተቃርኖ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው በረካ ነው፤ እሱ ግን ፀጉረ ጥቅልል ለሆነ ሰው አይመከርም፤ ሽምብራውን መልሶ ይዘራዋል። ስለዚህ በቶናው እነሳለሁ። እናቴ በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ እንግዳ እንዴት እንደሚያስቀይማት አውቃለሁ፤ አገጬ ግን አመስግኖኛል። ሦስት ወር ሆነኝ፤ ሽምብራው ታጭዷል።

እንግዲህ ወደ ሳጥኗ እንምጣ። የ100 ምላጭ ሳጥን ናት፤ የጠቅላላው ዋጋ ከአምስት ራስ አይበልጥም። በየሐሙሱ አንድ ቢያወጡ ሁለት ዓመት ሊደፍኑ ነው፤ ቢያልቅብዎም እዚያው ከሰፈር ሱቅ ይገኛል። አምጪው በእጁ ሳይሆን ከታች በሚጫነው ሻንጣ እንዲያስገባው አደራ ብዬዋለሁ፤ አውሮፕላን ላይ ባለ አምስቱ እንደ እንግዳ በእጅ ይገባል፣ ይቺ ግን እንደ ጎራዴ ትታያለች።

የአሰቧን መላጫ ለአጎቴ ልጅ እንደሰጧት እህቴ ነግራኛለች። ያስመልሷት። በምትኩ ባለ አምስቱን እጀታ ይስጡት፤ ወጣት አይደል፣ ራስ ፍለጋ ይንከራተትበት። መላጫዋን እንደገና ቢለምንዎ ያውሱት፤ ምላጩን ግን የየራሳችሁን፤ የክበቡን ትምህርት ሙሉ በሙሉ አልረሳሁም።

በረካው ግን ይቆየኝ። በረካ ያለ ዱዓ እንደማይሆን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ኢንሻአላህ ስመጣ፣ በአንድ ሐሙስ ማታ በዚያች በርጩማ ላይ እቀመጥና ሦስተኛውን ዙር በእርስዎ እጅ እላጫለሁ፤ ቢያብጥም ይበጥ።

ልጅዎ

የተረሳ፦ ምላጮቹን ቢቆጥሯቸው 99 ናቸው። አምጪውን እንዳይጠረጥሩት፤ አንዱን የወሰድሁት እኔ ነኝ። ትናንት ማታ ሳጥኗን ስከፍት ትዝ ያለኝ ጢም አልነበረም፤ አንድ ምላጭ ለሁለት ሰብረን ከዴስክ ጓደኛዬ ጋር እርሳስ የቀረጽንበት ዘመን ነው። አላስቻለኝም፤ ሰበርኩትና ይህችን እርሳስ ቀረጽኩበት። ሁለተኛው ግማሽ እንደ ደንቡ ግድግዳ ውስጥ ገብቷል።