ለአምስት ዓመት ልደት የወጣ መመሪያ

ልጅዎ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው? ኬክ ለማዘዝ አይጣደፉ፤ አስቀድመው ቃለ ጉባኤ ይያዙ። የምትወደው ቀለም፣ የምትወደው ምግብ፣ ሳታያት መዋል የማትችላት ጓደኛ፣ ስታድግ የምትሆነው፤ ሁሉም ቀንና ሰዓት ተጽፎበት ይመዝገብ። ሰዓቱን አይናቁ። ቁርስ ላይ የተወደደ ቢጫ ምሳ ላይ ተሽሮ ሊገኝ ይችላል።

ታዛቢ አያስገቡ፤ በተለይ አያት። ልጅቷ «ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?» ተብላ «ወያላ» ያለች እንደሆነ፣ ከጓዳ «ዶክተር በይ እንጂ የኔ እናት!» የሚል ድምፅ መምጣቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ቆራጥ ይሁኑ። ልጅቷ አይታ ነው የመረጠችው፦ በሩን የሚከፍተው እሱ፣ ብሩን የሚቆጥረው እሱ፣ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብሎ እንዳሻው የሚጮኸው እሱ፤ ማንም ዝም በል አይለውም። ዶክተር ምን አለው? መርፌ። አያትን ላለማስቀየም ግን መዝገቡ ላይ «የሕዝብ ማመላለሻ ባለሙያ» ተብሎ ቢሰፍር ክልክል አይደለም።

የምግብ ረድፍ አያለፋዎትም። ፓስታ ነው፤ ሱጎው ለብቻው።

ጣጣ ያለው «ዝንባሌ» የሚለው ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ወይ እስካቫተር ነው፣ ወይ ዳይኖሰር። እስካቫተር ከሆነ የአዲስ አበባ ወላጅ ታድሏል፤ ለኮሪደር ልማት ሲቆፈር ከዳር ቆሞ ሙዝ እየላጡ ማብላት ብቻ ነው፤ መግቢያ አይከፈልም። ዳይኖሰር ከሆነ ግን አደራ፣ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ወስደው ድንቅነሽን «ይኸውልሽ!» እንዳይሉ። ድንቅነሽ ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ናት፤ የመጣችው ዳይኖሰሮቹ ካለቁ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዘግይታ ነው። ልጅዎ ደግሞ ይህን ሁሉ ከዩቲዩብ ጨርሳዋለች። በጎብኚ ፊት ታርምዎታለች፣ በአንቱታም አይደለም።

እውነቱን ነግረው ቢወስዷት ሌላ ችግር ይጠብቅዎታል። የድንቅነሽ ቁመት 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅም እዚያው ግድም ናት። ልጅዎ ይህን ለክታ ስታበቃ ዳይኖሰር የሚባል ነገር አይነሳም። «እኩያዬ ናት፤ ለልደቴ ለምን አንጠራትም?» ትላለች። «መስታወት ውስጥ ያለችው ቅጂዋ ናት፣ ዋናዋ ካዝና ውስጥ ነው ያለችው» ብለው ለማምለጥ አይሞክሩ። ዋናዋ ትጠራልኝ ማለቷ ነው።

ስለ ቀኑም በአጭሩ፦ ጳጉሜን 6 የተወለደች እንደሆነ ቀኗ የሚመጣው በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ ነውና አምስተኛው ልደት በምንም ስሌት አይደርሳትም። ጳጉሜን 5 ላይ ይስማሙ፤ ስምምነቱን ግን ልጅቷ ሳትሰማ ያድርጉት።

ቃለ ጉባኤው ሲያልቅ ቅጂው ለዘመድ ይላካል። ከሜሪላንድ የምትመጣው አክስት ግን ሻንጣዋን የሞላችው ባለፈው ፋሲካ በስልክ በሰማችው ነው፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ ሐምራዊ፣ ፈረሱም ባለ አንድ ቀንድ ነበር። አሁን የሚፈለገው ሲኖትራክ ነው። ልጅዎ ፈረሱን አገላብጣ አይታ «ይሄ የሕፃን ነው» ስትል አክስቲቱ እንዳትሰማ ሙዚቃው ከፍ ይበል። እንግዳው ሲሄድ ፈረሱን መልሰው ይጠቅልሉት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጎረቤት ቤት አራት ዓመት የምትሞላ ልጅ አትጠፋም። ከመስጠትዎ በፊት ታዲያ አክስቲቱ እዚያም አለመጠራቷን ያጣሩ።