ለወንበር የሄደ ሰው

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የዚያን ቀን ግን፣ አቦሉን ይዛችሁ ስሙኝ፣ በእውነት ተልኬ ነበር። የዕድራችን ሊቀመንበር «ሂድና ወንበሮቻችንን አስመልስ፤ ነገ ሰልስት አለብን፣ ለቀስተኛ ቆሞ ይዋል እንዴ?» አሉኝ። ወንበሮቹን የተዋሰን አንድ የወጣቶች ማህበር ነው። ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ስብሰባው እንደ ዝናቧ አላባራ ብሎ፣ የዕድር ወንበር ከለቀስተኛ ይልቅ ተሰብሳቢ ለምዷል።

ዝናብ ካነሳሁ አይቀር፣ ያን ቀንም ይጥል ነበር። ጃንጥላዬን ስላጣሁት (የት እንደረሳሁት ባለቤቴ ታውቃለች፤ የእሱ ወሬ ሌላ ቀን) የወንድሜን ልጅ ባለቆብ ጃኬት ደርቤ ወጣሁ። ጀርባው ላይ የአርሰናል መድፍ አለበት። ቆቡን ስደፋው በራዬም ሽበቴም ተሰወረ። ከኋላ ላየኝ ሰው ጎረምሳ ነኝ።

አዳራሹ በር ላይ አንድ ልጅ ወረቀት ዘርግቶ «ፈርም» አለኝ። እኔ ደግሞ ፈርም ከተባልኩ እፈርማለሁ፤ ዕዳ ውስጥ የገባሁትም በዚሁ ጠባዬ ነው። የወንበር መረከቢያ መስሎኝ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ። ለካ የተሰብሳቢ መቆጣጠሪያ ኖሯል። ምልዓተ ጉባኤ በአንድ ሰው ጎድሎባቸው ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቁ ነበርና፣ በእኔ ፊርማ ሞላ ተብሎ ተጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ወንበሮቼ ሁሉ ሰው ተቀምጦባቸዋል። አንዱን ባዶ አግኝቼ፣ እሱን እንኳ እንዳላጣ ብዬ ተቀመጥኩበት። ሰብሳቢው ሪፖርት ያነባሉ። ወጣቱ ደም ለገሰ፣ ወጣቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ከደነ፣ ወጣቱ ችግኝ ተከለ። ነገሩ እውነት ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ከመዘገበው ወዲህ፣ ችግኝ በመጣ ቁጥር አካፋ ያዝ የሚባለው ወጣቱ ነው። የት ይተከል፣ ምን ይተከል ተብሎ ሲመከር ግን ወጣቱ ውጭ ቆሞ አካፋውን ይጠብቃል። በእኛም ጊዜ ያው ነበር። በደርግ ዘመን በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማህበር፣ በአኢወማ ማለቴ ነው፣ መፈክር ተሸክሜ ብዙ ተሰልፌያለሁ። መሪያችን ከላይ ታስቦበት ይመጣል፣ እኛ እጅ እናወጣለን። ጎበዝ እጅ አውጪ ነበርኩ።

ያ ልምድ ነው መሰለኝ፣ ሰብሳቢው «አስተያየት ያለው?» ሲሉ እጄ ብቻውን ወጣ። ተነሥቼ «እኔ ሌላ ወሬ አላውቅም፤ የመጣሁት ለወንበሩ ነው። ሳይመሽ ብትለቁልኝ» አልኩ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «እንዲህ በግልጽ የሚናገር አይተን አናውቅም!» አለ አንዱ። ሌላው ጠቆመኝ፣ ሦስተኛው ደገፈው፤ ሳላውቀው ምክትል ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥኩ። አይ፣ ተሳስታችኋል ማለት ነበረብኝ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ሰው እኮ ነኝ። ምስጋና ላቀርብ ቆቤን ገልጬ ጎንበስ አልኩ። በራዬ ከመብራቱ ጋር ሲገናኝ ጭብጨባው ቀጥ አለ።

ከኋላ አንዲት የትምህርት ቤት ልጅ መተዳደሪያ ደንቡን በእጇ ይዛ ተነሣች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች፤ እኔም «የወንድሜ ልጅ 19 ዓመቱ ነው» አልኩ። ሳቁን ልተወው። አንድ ሕፃን እንኳ ከመስኮት ውጭ ሆኖ ሲስቅ ሰምቻለሁ።

ልጅቱ አልሳቀችም። የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ያለውን ነው አለችና ፊቷን ወደ መድረኩ አዞረች። «ሰብሳቢያችንስ?» ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 እንደሚፈቅድ አስረዱ። «በ35ቱም እንሂድ፤ መታወቂያዎን ያሳዩን» አለች። መታወቂያው ቤት ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ጆሮዬ እስካሁን ይግላል። ልጅቱ ስለ ዕድሜ ብቻ ብትናገር ቀላል ነበር። «አምና የወጣት ተወካይ ተብለን ሁለት ልጆች ኮሚቴ ገባን። አንዳችን ፎቶ አነሳን፣ አንዳችን ውኃ አደልን። ቃለ ጉባኤው ተጽፎ አልቆ ለፊርማ ብቻ ይመጣልናል። ስብሰባው እኛ ክፍል ስንሆን ይጠራል። ማህተሙ የማን ኪስ ነው? ቼክ የሚፈርመው ማነው? በአዋጅ 1113/2011 መሠረት የማህበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ እንግዲህ እኛ ነን።» አጀንዳ ቀድሞ ይሰጠን፣ ስብሰባ ቅዳሜ ይሁን፣ የገንዘቡ ሂሳብ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ የሥራ ዘመን ይገደብ አለች።

ከጎኔ የነበሩ እንግዳ አዛውንት «በካፋ መንግሥት ጊዜ ንጉሡ እንኳ ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔ ሞኙ ይህን ሰምቼ ጮክ ብዬ «እንግዲያው አማካሪ ልሁናችሁ!» አልኩ። «አማካሪ ሲጠራ ነው ጋሼ» አለች ልጅቱ፤ ክብሬን ጠብቃ፣ ግን አንገቴን አስደፍታ።

ሰብሳቢውን ለማውረድ እጅ ሊቆጠር ሲል፣ ሰውየው ፈገግ አሉ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? «ጋሼ ወጣት ካልሆኑ ፊርማቸው አይቆጠርም፤ ፊርማቸው ካልተቆጠረ ምልዓተ ጉባኤ የለም። ስብሰባው ተበትኗል» ብለው ማህተሙን ኪሳቸው ከተቱ። ሕጉን ስታነብ የዋለችው ልጅ በሕጉ ተረታች፤ ያስረታኋት እኔ ነኝ፤ በአርሰናል ጃኬት። አዳራሹ ሙሉ ወጣት እኔን ሲያይ፣ ወንበር ሥር የምገባበት ባገኝ በገባሁ፤ ወንበሩ ግን አሁን ባዶ ነበርና መሰብሰብ ነበረብኝ።

ባጃጅ ላይ የጫኑልኝ እነዚያው ልጆች ናቸው። ልጅቱ የመጨረሻውን ወንበር እያቀበለችኝ፣ «ጋሼ፣ በዕድራችሁስ ድንኳን የሚተክለው ማነው?» አለችኝ። እናንተ ናችሁ አልኩ። «መቃብር የሚቆፍረው?» እናንተው። «ገንዘብ ያዡ ስንት ዓመታቸው ነው?» የሾፌሩን ትከሻ መታ መታ አድርጌ ሄድን።

ልጆቹ ቤት ለቤት ዞረው፣ በዚህ ጊዜ መታወቂያ እያዩ፣ ጉባኤውን ሞልተው ድጋሚ ጠሩ። ሰብሳቢው ወረዱ፤ ልጅቱ ጸሐፊ ሆነች። የማህተሙ ርክክብ «በሂደት ላይ ነው» ይባላል። ለእኛም ዕድር ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ከኮሚቴው ሁለት ቦታ፣ በገንዘቡም ላይ ድምፅ ይሰጠን የሚል። ሊቀመንበራችን «ልጆቹ እውነት አላቸው» ብለው ለመጪው እሑድ አጀንዳ አስይዘውላቸዋል፤ ከልዩ ልዩ ቀጥሎ።